የሌብነት ቃላትና የስንዱ አደራ

በስፓኒሽ ሌባ ብዙ ዓይነት ነው። ኪስ የሚያወልቀው ካርቴሪስታ ይባላል። ያገኘውን ጥቃቅን ነገር ለቃቅሞ የሚሄደው ራቴሮ ነው። አፉን አጣፍጦ ገንዘብህን በገዛ ፈቃድህ የሚቀበልህ እስታፋዶር ነው። ጩቤ አውጥቶ መንገድ ላይ የሚያስቆምህ ደግሞ አትራካዶር። ሁሉንም በጅምላ ላድሮን ብትላቸው የሚቆጣህ የለም፤ ዳኛ ፊት ካልቆምክ በስተቀር። ዳኛ ፊት ስትቆም በአንዱ ቃልና በሌላው መካከል ያለው ልዩነት በእስር ዓመት ይለካል።

እኔ እነዚህን ቃላት ተሸክሜ ነው ያረጀሁት። ጅቡቲ ከተማ ውስጥ፣ በፖሊስ ጣቢያና በፍርድ ቤት፣ አማርኛን ወደ ፈረንሳይኛ፣ ፈረንሳይኛን ወደ ስፓኒሽ፣ አንዳንዴም ሦስቱን ባንድ ጠዋት ሳገላብጥ ኖሬ በቅርቡ በቃሽ ተባልኩ። በስንብቱ ዕለት ዋናው ጸሐፊ ንግግር አደረገ፣ ስሜን አሳስቶ ጠራኝ፣ የግድግዳ ሰዓት ሰጠኝ። ከእንግዲህ የትም መድረስ ለሌለበት ሰው ሰዓት ለምን እንደሚሰጥ እስካሁን አልገባኝም። ቢሆንም ሰቅዬዋለሁ፤ በደንብ ይሠራል።

ቦታዬን የተረከበችኝ ጎበዝ ሴት ናት። ትምህርቷ ከኔ የተሻለ ነው፤ ፈረንሳይኛዋም የጠራ ነው። ወንበሬን ስለቅላት «ወይዘሮ ፀዳለ፣ በዚህ ሁሉ ዘመን ለመተርጎም ያስቸገረሽ ቃል የትኛው ነው?» አለችኝ። አፌ ላይ የመጣልኝን «ሬሴፕታሲዮን» ብዬ መለስኩላት። የተሰረቀ ዕቃ እያወቁ መቀበልና መደበቅ ማለት ነው። ረጅምና አስፈሪ ቃል ስለሆነ በመልሱ ረካች። ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ግን የነገርኳት እውነቱን እንዳልሆነ ታወቀኝ። ያስቸገረኝ ቃል ስፓኒሽም ፈረንሳይኛም አልነበረም፤ የራሴው አማርኛ ነበር። እሷን ጠርቼ ከማስረዳት ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው ይህን የጀመርኩት።

ድሬዳዋ ነው የተወለድኩት። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ በሶማሊያው ጦርነት ጊዜ ዘመተና ቀረ። እንደኔ አባታቸውን ካጡ ብዙ ልጆች ጋር በመርከብ ተጭኜ ኩባ ሄድኩ፤ እዚያ አንድ ደሴት ላይ ከነበረ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባሁ። ስፓኒሽን የተማርኩት ክፍል ውስጥ ቢሆንም የወንጀሉን ክፍል የተማርኩት ግን ከቶሮንሃ እርሻ ነው። ቶሮንሃ ብርቱካን የሚመስል፣ ከብርቱካን የሚተልቅ፣ መረር የሚል ፍሬ ነው። ግማሹን ቀን እንማራለን፣ ግማሹን ቀን ፍሬ እንለቅማለን፤ ስንለቅምም ሸሚዛችን ውስጥ እየከተትን እናመጣለን። የመኝታ ቤታችን ኃላፊ ካሪዳድ የምትባል ወፍራም ሴት ነበረች። ስትይዘን ዝም ብላ አትቆጣም። አሰልፋን አንድ በአንድ ትጠይቀናለች። ከዛፍ የቆረጠው ማነው? ሸሚዙ ውስጥ የደበቀው ማነው? ከየት እንደመጣ እያወቀ የበላውስ? ለእያንዳንዱ የተለየ ስም ነበራት፣ ለእያንዳንዱም የተለየ ቅጣት። እኔ ብዙ ጊዜ ደባቂ ነበርኩ። ሬሴፕታሲዮንን ያወቅኩት ያኔ ነው።

አድጌ ስመለስ ድሬዳዋ ሥራ አጣሁ። አክስቴ ጅቡቲ፣ ካርቲዬ ዱ የሚባለው ሰፈር ትኖር ስለነበር እሷ ዘንድ ወረድኩ። ፈረንሳይኛውን ከአባቴ የባቡር ጓደኞች፣ ሶማሊኛውን ከድሬ መንገድ ላይ ይዤዋለሁ። መጀመሪያ ያሠሩኝ የትራፊክ ፖሊሶች ናቸው። ከአዲስ አበባ ወደ ወደቡ የሚመላለሱት የከባድ መኪና ሾፌሮች በተጋጩ ቁጥር እጠራለሁ። ሾፌር ሲምል በእናቱ፣ በታቦቱና በልጁ ባንድ ትንፋሽ ስለሆነ የመጀመሪያው ዓመት አብዛኛው ሥራዬ መሐላ መተርጎም ነበር። ክፍያው በጉዳይ ነው፤ ዘግይቶ ይመጣል፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ አላወራም።

ወደ ፍርድ ቤት የወሰደኝ ሙሴ ዑመር ነው። ሙሴ ማለት በኛ በድሬዎችና በጅቡቲ ሰዎች አፍ አቶ እንደማለት ነው። እሱ የጅቡቲ ሶማሌ ሲሆን ልጅነቱን ድሬዳዋ ከዚራ ስላሳለፈ አማርኛው ከኔ ይጣፍጥ ነበር። በፍርድ ቤቱ አስተርጓሚዎች ሁሉ ላይ አለቃ ነው፤ አለቃ ይሁን ያለው ሰው ግን የለም፣ ዝም ብሎ ነው አለቃ የሆነው።

ሙሴ ዑመር ወደ ችሎት ከመግባቱ በፊት ኪሱን ባዶ ያደርጋል። ቁልፉን፣ ሳንቲሙን፣ ሲጋራውን አውጥቶ ለበር ጠባቂው ይሰጣል። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «ሰውየው ስለ ሕይወቱ ሲናገር የኔ ኪስ መንኳኳት የለበትም» አለኝ። ከዚያ ቆሞ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይጠጣል። ውስጥ ሲገባ ተከሳሹን ዓይን ለዓይን አያየውም፤ ጠረጴዛውን ያያል። ካየኸው ላንተ ማውራት ይጀምራል፣ ማውራት ያለበት ግን ለዳኛው ነው ይላል። ያልገባው ቃል ከመጣ እጁን አንስቶ አልገባኝም ይላል፤ አልገባኝም ማለት አስተርጓሚን አያሳፍረውም፣ የገባው መስሎ መቀጠል ግን ያሳስራል፣ የሚታሰረውም እሱ አይደለም።

ደግሞ ሁልጊዜ «እኔ» ብሎ ነው የሚተረጉመው። ሰውየው ሰረቅሁ ካለ አስተርጓሚው ሰረቀ አይልም፣ ሰረቅሁ ይላል። ለመጀመሪያ ጊዜ በፈረንሳይኛ «እኔ ሰረቅሁ» ስል በር ላይ የቆመው ፖሊስ ከእግሬ እስከ ራሴ አይቶኝ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። በሥራ ዘመኔ ጎማ ሰርቄአለሁ፣ ሰው ፈንክቻለሁ፣ ሲጋራ በኮንትሮባንድ አሳልፌአለሁ፣ ሁለት ሚስትም አግብቻለሁ፤ ሁሉንም በሰው አፍ።

ከሁሉ በላይ የጠበቀብኝ ሁለት ሕግ ነበር። የመጀመሪያው፣ ችሎት ውስጥ የተነገረ ነገር ሁሉ ችሎት ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ መድረስ አለበት፤ ዳኛውና ጸሐፊው የተሳሳቁትም ቢሆን ተከሳሹ ሊሰማው ይገባል። ሁለተኛው፣ ከክፍሉ ከወጣሽ የለሽም። መልእክት አታደርሺም፣ ዘመድ አትፈልጊም፣ ሻይ አትጋበዢም። ሥራ ሲያበቃ እሱ በቀጥታ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ይሄድና ባቡር የማይመጣበት መድረክ ላይ ብቻውን ይቀመጣል። የሰው አፍ ከአፌ እስኪወጣ ነው ይላል።

ስፓኒሹ ሥራ ላይ የዋለው ቆይቶ ነው። የዓሣ ማጥመጃ መርከቦችና የባሕር ኃይል ሰዎች ወደቡ ላይ መብዛት ሲጀምሩ፣ መሸታ ቤት የተጣላ ወይም ኪሱ የተዳበሰ መርከበኛ ሲመጣ ይጠሩኝ ጀመር። የተሰረቀ ሰው ሁሉ በንዴት «ሮቦ» ነው የሚለው። በሕጋቸው ግን ሮቦ ሰብሮ ወይም አስፈራርቶ መውሰድ ነው፤ ሳያዩህ ሹልክ አድርጎ መውሰድ ኡርቶ ይባላል፣ ቅጣቱም ይቀላል። ስለዚህ ከመተርጎሜ በፊት ፖሊሱን አስፈቅጄ የተሰበረ ነገር ካለ ባለቤቱን እንዲጠይቁት አደርጋለሁ። የተናደደ ሰው ቃሉን አይመርጥም። እኔ ግን መምረጥ የለብኝም፣ ማስጠየቅ ነው ያለብኝ።

ስንዱ የመጣችው በዚህ ጊዜ ነው።

የሐይቅ ልጅ ናት፣ ወሎ። ሀራሙስ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ካሉት ቪላዎች በአንዱ አንድ የስፔን ቤተሰብ ዘንድ እዚያው እያደረች ትሠራ ነበር። ባልየው ብዙውን ጊዜ ባሕር ላይ ነው። ሚስቱ ሴኞራ ፒላር ልጅም ጓደኛም ሳይኖራት ያን ትልቅ ቤት ከስንዱ ጋር ትጠብቃለች። አንድ ቀን ሴኞራ የወርቅ አምባሯን አጣች። ፖሊስ መጥቶ የስንዱን ክፍል ሲፈትሽ አምባሩን አላገኘም። ሻንጣዋ ግርጌ፣ በነጠላ ቁራጭ የተቋጠረ ሌላ ወርቅ ግን አገኘ። ሐብል፣ ጉትቻ፣ ቀለበት፣ የሕፃን መስቀል ሳይቀር።

ፖሊስ ጣቢያ ስደርስ ወርቁ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ሴኞራ ፒላር እያንዳንዱን አየችና የኔ የለበትም አለች። የኔን የኩባ ስፓኒሽ ስትሰማ ትንሽ ግራ ገባት፤ ስፔኖቹ ምላሳቸውን በጥርሳቸው መሀል እያወጡ የሚሉትን ድምፅ እኛ በተራ «ስ» እናልፈዋለን። ቢሆንም ተግባባን። የሷ ባይሆንም አንዲት የቤት ሠራተኛ ይህን ሁሉ ወርቅ ከየት ታመጣለች ብላ ጠየቀች። መርማሪውም የጠየቀው ይህንኑ ነው።

ስንዱ አንገቷን ደፍታ ነበር። ቀና ሳትል «የኔ አይደለም። የሰው ነው። አደራ ነው» አለች።

ተረጎምኩ። በፈረንሳይኛ ሲነገር እንዲህ ሆነ፦ የኔ አይደለም፣ የሌሎች ሰዎች ነው፣ እንዳስቀምጥላቸው ሰጥተውኝ ነው። ቃሉ አልጎደለም። መርማሪው የማን እንደሆነ ጠየቃት። አልናገርም አለች። ደግሞ ጠየቃት፣ አልናገርም አለች። እሱ የሚጽፈው ነገር ከየት ወዴት እየሄደ እንደሆነ ይታየኝ ነበር፤ ተጠርጣሪዋ ወርቁ የራሷ እንዳልሆነ አመነች፣ የሰጧትን ሰዎች ለመናገር እምቢ አለች። በየትኛውም ቋንቋ ይህ የደባቂ ቃል ነው።

እኔ ግን የማን እንደሆነ ሳይነገረኝ አውቀዋለሁ፤ ጅቡቲ ያለች አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ታውቀዋለች። ሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶች ባንክ የላቸውም። ከደመወዛቸው የተረፈቻቸውን ማዕከላዊ ገበያ ወርቅ ቤት ሄደው ትንሽ ነገር ይገዙባታል። የገዙትን እንዳያስቀምጡ ደግሞ አንዳንዷ ክፍሏ ይበረበራል፣ አንዳንዷ ከአሠሪዋ ጋር ከተጣላች ልብሷን ሳትሰበስብ ከበር ትወረወራለች። ስለዚህ ከመሀላቸው ደህና ቤት ያላትን፣ የሚቆለፍ ሻንጣ ያላትንና አፏን የምትጠብቀውን መርጠው ለሷ ይሰጣሉ። ምስክር የለም፣ ወረቀት የለም። ጠባቂዋ አትለብሰውም፣ አታሳይም፣ የማን እንደሆነ አትናገርም። በተለይ ለፖሊስ አትናገርም፤ ከባለቤቶቹ መሀል የመኖሪያ ፈቃድ የሌላት አትጠፋምና። ስንዱ አንድ ስም ብትጠራ ያቺ ሴት በማግስቱ ድንበር ላይ ናት።

እጄን አነሳሁ። የተባለውን ተርጉሜአለሁ፣ ስለ ልማዱ ግን ማብራሪያ መስጠት እንድችል ይፈቀድልኝ አልኩ። መርማሪው ከሥራ መውጫው ደርሶ ነበር፤ ጫቱ ከድሬ የሚገባበት ሰዓት ነው፣ በዚያ ሰዓት ጅቡቲ ውስጥ ማብራሪያ የሚሰማ የለም። ተርጉሚ እንጂ አታብራሪ አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። ስንዱን ወደ ሴቶች ወህኒ ቤት ወሰዷት፤ ክሱም ከስርቆት ወደ ሬሴፕታሲዮን ተዛወረ። ፈረንሳዮቹ ረሴል ይሉታል።

በሥራዬ እንደዚያ ቀን ከሽፎብኝ አያውቅም። ያጎደልኩት ቃል ቢኖር ኖሮ አርሜው እተኛ ነበር። አንድም ሳላጎድል ነው ልጅቷ የታሰረችው። አለቀስኩ፤ አክስቴ በሽታ መስሏት እግሬን አሸችልኝ።

ሙሴ ዑመር ያኔ ጡረታ ወጥቷል፣ ግን አሁንም በየቀኑ አሮጌው ጣቢያ ይቀመጣል። ሄጄ ነገርኩት። አርብ ከሰዓት በኋላ የቤት ሠራተኞቹ ሁሉ ገበያ ይወጣሉ፣ ከመሀላቸው ሁለቱን ብጠይቅ የወርቁን ባለቤቶች ባንድ ቀን አገኛቸዋለሁ፣ ልሂድ ወይ አልኩት።

«ብትሄጂ ልጅቷን ታስፈቺያት ይሆናል» አለኝ። «ከዚያ በኋላ ግን እስረኛ ሁሉ አንቺ ፊት መናገር ይፈራል። ያቺ ሴት ውጭ ታወራለች ይላሉ። ለስንዱ ብለሽ የሌላውን ሁሉ አፍ ትዘጊያለሽ።»

«እና ዝም ልበል?»

«ዳኛውን አስፈቅጂ። መርማሪ አይደለም፣ ዳኛ ይሰማል። ከተፈቀደልሽ ልማዱን ተናገሪ፣ ስለ ልጅቷ ግን አንዲት ቃል አትጨምሪ። ለሁሉም በየቋንቋው ንገሪ። ለስፔኗም ጭምር።»

የችሎቱ ቀን ኪሴን ባዶ አደረግሁ፣ ውሃዬን ጠጣሁ፣ ገባሁ። ዳኛው ጸጉሩ የሸበተ፣ ድምፁ ቀስ ያለ ሰው ነበር። ፈቀደልኝ። አደራ ምን እንደሆነ በፈረንሳይኛ ተናገርኩ፤ የተቀበለ ሰው እንደማይጠቀምበት፣ ባለቤቱ ካልፈቀደለት የማን እንደሆነ እንደማይናገር፣ ይህን ያፈረሰ ሰው በአገሩ ሰው ፊት መቆም እንደማይችል። ከዚያ ያንኑ በስፓኒሽ ለሴኞራ፣ ያንኑ በአማርኛ ለስንዱ ደገምኩት። ስንዱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ።

ዳኛው ጥሩ ነው አለ፤ ነገር ግን ባለቤት ያልመጣለት ወርቅ ባለቤት የለውም፣ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ባለቤቶቹ ካሉ ይቅረቡ። ስንዱን መልሰው ወሰዷት።

ኮሪደሩ ላይ ሴኞራ ፒላር ተከትላ ደረሰችብኝ። ፊቷ ተለዋውጧል። ያ ሁሉ ወርቅ ቤቴ ውስጥ ሲቀመጥ አንዱንም አላደረገችውም ማለት ነው አለችኝ፤ ከራሷ ጋር የምታወራ ትመስል ነበር። ከባለጉዳይ ጋር ኮሪደር ላይ ማውራት ክልክል ስለሆነ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ። ከዚያ «ያንን ቃል ደግመሽ በይልኝ» አለች። ቃሉ ችሎት ውስጥ የተነገረ ነው፣ የተነገረ ነገር ለሁሉም መድረስ አለበት፣ ስለዚህ መድገም ይፈቀድልኛል ብዬ ለራሴ ፈረድኩ። «አደራ» አልኳት። እንደ ተማሪ ሦስት አራት ጊዜ አለችውና ሄደች።

ያደረገችውን የሰማሁት በኋላ ከሴቶቹ ነው። ሀራሙስን ከዳር እስከ ዳር በእግሯ ዞረችው፣ በዚያ ሙቀት፣ ባርኔጣ አድርጋ። በየቪላው በር እየቆመች ደወል ትደውላለች። የቤቱ እመቤት ስትወጣ አይደለም አንቺን አይደለም እያለች በእጇ ትመልሳታለች። ሠራተኛዋ ስትመጣ ሁለት ቃል ብቻ ትላታለች፤ «ስንዱ። አደራ።» ዘበኞቹ አበደች አሉ። ሠራተኞቹ መጀመሪያ የፖሊስ ወጥመድ መስሏቸው ፈሩ። አንዷ ግን ሴትየዋ ቃሉን ስትል እንባዋ ይመጣ እንደነበር አየች፣ ላንዷ ነገረች፣ እሷም ለሌላዋ።

በቀጠሮው ቀን ችሎቱ ጀርባ ሴቶች ተደርድረዋል። ፈቃድ ያላቸው ብቻ ናቸው የመጡት። እያንዳንዷ ቀርባ የራሷን ምልክቱን እየተናገረች ለየች፤ ይኼ ሐብል መያዣው ተሰብሮ በሽቦ የታሰረ ነው፣ ይኼ መስቀል ለልጄ ክርስትና የገዛሁት ነው። ዳኛው ስንዱን ይጠይቃል፣ ስንዱ አዎ የሷ ነው ትላለች፣ ጸሐፊው ይጽፋል። ጠረጴዛው ላይ ያለው እየቀነሰ ሄዶ በመጨረሻ አንድ ቀጭን ቀለበት ብቻ ቀረ።

ዳኛው የማን ነው አለ። የቀረበች የለችም። ባለቤቷ ፈቃድ የላትም ብዬ ልቤ ነገረኝ። ክሱ በሙሉ ያቺ ቀለበት ላይ ቆመ።

ጉትቻዋን የወሰደችው አለም የምትባለው ሴት ከኋላ ተነሳች። «ቀለበቱም የኔ ነው» አለች።

ዳኛው ወደ ስንዱ ዞረ። ቀለበቱ የሷ መሆኑ እውነት ነው ብሎ ጠየቃት። ተረጎምኩላት። አዎ ብትል ያን ቀን ቤቷ ታድራለች። ሴቶቹ ሁሉ እንድትል ይጠብቃሉ። ጠረጴዛውን ማየት ትቼ እሷን አየኋት፣ እኔም እንድትል እየለመንኩ።

«አይደለም» አለች ስንዱ። «አለም ለኔ አዝና ነው። ቀለበቱ የሌላ ሰው ነው።»

እንደ ሕጉ «እኔ» ብዬ ተረጎምኩት። ዳኛው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ይህን በማለትሽ ወደ እስር ልትመለሺ እንደምትችይ ታውቂያለሽ ወይ አለ።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን?»

«አደራ ነዋ» አለች፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ መጠየቁ ገርሟት። «የሰውን ነገር ለአለም መስጠት እችላለሁ እንዴ?»

ዳኛው መነጽሩን አወለቀ። ለጸሐፊው በሶማሊኛ አንድ ቃል ብቻ ተናገረ፣ «አማኖ»፤ አደራ ማለት ነው። እነሱም የኛው ዓይነት አላቸው። እኔ ያን ሁሉ በፈረንሳይኛ ሳብራራ ያልገባው፣ ስንዱ እምቢ ስትል ገባው። አለምን ችሎት ፊት እንዲህ ያለ ነገር ደግመሽ እንዳትናገሪ ብሎ በቁጣ ተናግሯት አስቀመጣት። ከዚያ ሌባ ቢሆን ኖሮ ቀለበቱን ለመጣው ሰው አሳልፎ ሰጥቶ ይሄድ ነበር አለ። ክሱ ተዘጋ። ቀለበቱን በተመለከተ ጸሐፊው በፍርድ ቤት ይቀመጥ ወይ ብሎ ሲጠይቅ፣ ዳኛው «እስካሁን በጠበቀችው ልጅ እጅ ይቆይ» አለ።

ይህንን ወደ አማርኛ ስመልስ መሀል ላይ አቋረጥኩ። ሁለተኛ ጊዜ ጀምሬ ነው የጨረስኩት። ሴኞራ ፒላር የስፓኒሹን ሳትጠብቅ ከወንበሯ ተነስታ ስንዱን አቀፈቻት፤ ፖሊሱም ማስቆም እንዳለበት አላወቀም። ከሥራ ወጥቼ አሮጌው ጣቢያ ሄድኩና ሙሴ ዑመር አጠገብ ተቀመጥኩ። እስኪመሽ አብረን ተቀመጥን።

አምባሩ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ስንዱ ትንሽ ካኮረፈች በኋላ ወደ ሴኞራ ቤት ተመለሰች፤ የሴቶቹም ወርቅ ቀስ በቀስ ወደዚያው ተመለሰ፣ በዚህኛው ጊዜ ሴኞራ እያወቀች፣ በሷ ቁም ሳጥን መሳቢያ ውስጥ፣ ቁልፉ ስንዱ አንገት ላይ። ስፔኖቹ ወደ አገራቸው ሲገቡ ስንዱ አሮጌው ጣቢያ አካባቢ በርበሬና ሽሮ የምትሸጥበት ሱቅ ከፈተች። ሙሴ ዑመር ዐርፏል፤ አላህ ይማረው። የቀለበቱ ባለቤት ሙሉ ትባላለች፤ ስሟን በኋላ የነገሩኝ ሴቶቹ ናቸው እንጂ ስንዱ አይደለችም፤ ስንዱ ወህኒ ቤት ሳለች በጀልባ ወደ የመን ተሻግራ ድምፅዋ ጠፋ። በየዓመቱ ስንዱን ስለ ሙሉ ሰምተሻል ወይ እላት ነበር፣ አልሰማሁም ትለኝ ነበር። ሸጠሽ ብሩን ለቤተ ክርስቲያን ስጪላት ያሏት ነበሩ። እሷ እቴ።

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት ስንዱ ደወለችልኝ። «እትዬ፣ ሙሉ መጥታለች፤ ቶሎ ነይ» አለችኝ። እኔ ምን ልሠራ ብላት፣ ያኔ የነበርሽው አንቺ ነሽ፣ ሳስረክብ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል አለች።

ሙሉ ከስታ፣ ጸጉሯ ሸብቶ፣ የሽሮ ጆንያ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ብዙ አገር ዞራ፣ ብዙ ነገር አሳልፋ ወሎ ገብታ ኖሯል፤ አሁን በአዲሱ ባቡር የወረደችው ስንዱን ለማየት ብላ ነው። ስለ ቀለበቱ አንድ ቃል አላነሳችም። የቀረ መስሏት ይሆናል፣ ወይም ማንሳቱ አሳፍሯት። ስንዱ ከጓዳ ያችኑ የነጠላ ቁራጭ ይዛ መጣችና ቋጠሮውን መዳፏ ላይ ፈታች።

ሙሉ ቀለበቱን አነሳችው። «የእናቴ እኮ ነው» አለች።

«መቼ ነገርሽኝ» አለች ስንዱ።

«ባልነግርሽም ጠብቀሽዋል።»

ከዚያ ሁለቱም ማልቀስ ጀመሩ። ሙሉ ቀለበቱን ስታጠልቀው ሰፋት፤ ጣቷ ቀጥኗል። ስንዱ ክር ፍለጋ መሳቢያዋን ትበረብራለች። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሁለቱም የሚያወሩት አማርኛ ነው፣ የሚተረጎምለት ሰው የለም፣ ከንፈሬ ግን ሳላውቀው ይንቀሳቀስ ነበር፤ የእናቴ ነው፣ ጠብቀሽዋል፣ በስፓኒሽ፣ በፈረንሳይኛ፣ «እኔ» እያልኩ። ሳስተውለው እጄን አፌ ላይ አደረግሁና ዝም አልኩ። ስንዱ ክሩን አገኘችው፣ ቀለበቱን ጠቅልላ አጠበበችው፣ በሙሉ ጣትም ልክ ሆነ።